ሮለርና መጋረጃ ስንሰቅል የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጋረጃ እሰፋለሁ፤ እሱንም፣ ቱቦ ላይ የሚጠቀለለውን ሮለርንም እሰቅላለሁ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ሥራ ሲገኝ ሐረርም እወጣለሁ። ከሚደወልልኝ ስልክ ብዙው «ናና ስቀልልኝ» ሳይሆን «ሰቅዬው ነበር፣ ተበላሸብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። እንደምታውቁት እዚህ ድሬ ትልቁም ትንሹም የሚለኝ «አንተ» ነው፤ ጥያቄዎቹን ልክ እንደተጠየቁኝ አስፍሬያቸዋለሁ። እኔ እንዳየሁት ብዙው ስህተት የሚሠራው ትራፓኖ ሳይነሳ ነው፤ ሜትር ሲዘረጋ፣ ወይም ከዚያም ቀደም ብሎ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲመረጥ።

ሮለር ገዝቼ ሰቀልኩ፤ ቤቱ ግን እንደ ድሮው ይፈላል። ጥፋቱ የጨርቁ ነው የእኔ?

መልሴ ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል፦ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?

ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ድሬ ላይ ጠላት ነው። ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች፤ በረንዳም ጣሪያም አያስጥላትም። ሰው ደግሞ ምሳውን በልቶ ጋደም የሚለው፣ በርጫ ያለውም ፍራሹን አንጥፎ የሚቀመጠው በዚያው ሰዓት ነው። የምሥራቁ መስኮት ጠዋት ያስቸግራል፣ እስከ 4 ሰዓት ገደማ፤ ከዚያ ይተዋችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰሜኑ ነው። «ሰሜን ፀሐይ አያገኘውም» ብሎ ስስ ጨርቅ ይሰቅላል። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በመካከሉ ባሉት ወራት፣ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ማለትም ከተማው በሚግልበት ወቅት ፀሐይ የምታርፈው በዚያው «ፀሐይ አያገኘውም» በተባለው መስኮት ላይ ነው። የደቡቡ ተራ ከመስከረም በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀለም ነው። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ፀሐይን የሚያገኛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ሙቀቱን ጠጥቶ እንደ ምጣድ ይግልና መልሶ ወደ ክፍሉ ይተፋዋል። ነጭ ወይም ብርማ ጀርባ ያለው ግን የተወሰነውን በመስታወቱ መልሶ ይልከዋል። ስለዚህ ለምዕራብ መስኮት ወደ መስታወቱ የሚዞረው ፊት ነጭ ይሁን፤ ወደ ሳሎን የሚዞረው የፈለጋችሁት ቀለም ቢሆን ግድ የለኝም። ቡና ዓይነት ጨርቅ ባለ ነጭ ጀርባ ገዝተው ነጩን ወደ ሳሎን አዙረው የሰቀሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። «ነጩ ያምራል» ነው መልሳቸው። ያምራል፣ ይፈላልም።

እውነቱን ልናገር፣ ገበያዬንም ቢጎዳ፦ ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ የሚያስቆም ነገር ከእኔ ሮለር ሁሉ ይበልጣል። ከውጭ የተወጠረ ሸራ፣ የተንጠለጠለ ሰሌን፣ ወይም በመስኮቱ በኩል የቆመ አንድ የኒም ዛፍ። ዛፉ ካለ አትቁረጡት።

አለካክ ላይ ሰው የሚሳሳተው ምኑን ነው?

አንዱን መስኮት ለክቶ «ሌሎቹም ያው ናቸው» ማለት። ይህን የምናገረው ከራሴ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት አራት መስኮት ነበረው፤ ለዓይን መንትያ ናቸው። አንዱን ለካሁ፣ አራቱንም በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆረጥኩ። ሦስቱ ገቡ። አራተኛው በ1 ሴንቲ ከ7 ሚሊ ጠበበ፤ ለሳኙ በአንድ በኩል ልስኑን አወፍሮት ኖሯል። የቤቱ እመቤት ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ሁለተኛውን እየቀዳች፣ እኔ ሮለሩን እንደ ክራር አቅፌ መስኮቱ ሥር ስገላበጥ አይታ «አቦ፣ ምን ትታገላለህ፣ መስኮቱን አስፋው!» አለችኝ። ጨርቁን ከኪሴ ከፈልኩ።

መስኮቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ስፋቱን ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ከሦስቱ ትንሹን ያዙ። ከእሱ ላይ በጠቅላላው 1 ሴንቲ ገደማ ይቀነስለታል። እዚህ ላይ የሚመጣው ሌላ መዘዝ ይህ ነው፦ እናንተ ቀንሳችሁ ትሰጣላችሁ፣ ቆራጩም በልማዱ ይቀንሳል፣ ሁለቴ የተቀነሰ ሮለር ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ። ወረቀቱ ላይ «ይህ የመስኮቱ ልክ ነው» ወይም «ይህ የሚቆረጠው ልክ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ቁመቱም ሦስት ቦታ ይለካል፤ የሚያዘው ግን ትልቁ ነው። በዚያ ላይ 20 ሴንቲ ያህል ጨምሩ፣ ምክንያቱም ጨርቁ እስከ ታች ሲወርድ ቱቦው ላይ ሁለት ዙር ያህል መቅረት አለበት። እስከ ጫፉ የሚፈታ ሮለር አንድ ቀን ከነማጣበቂያው ይላቀቃል።

ሁለቱን ሰያፍ፣ ከግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ ታችኛው፣ ከዚያም በተቃራኒው ለኩ። ልዩነታቸው ከ1 ሴንቲ ካለፈ መስኮቱ ተንጋዷል፤ ውስጡ አታስገቡ፣ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ሜትሩ ላይ ደግሞ ኢንችና ሴንቲ ጎን ለጎን ናቸው፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ያድርግ።

ስፋቱን አስቀድማችሁ፣ ቁመቱን አስከትላችሁ ጻፉ። «150 በ120» ሲባል የትኛው የትኛው እንደሆነ በስልክ ስንከራከር አንድ ጠዋት አልፏል።

መስኮቱ ውስጥ ይግባ ወይስ ግድግዳው ላይ ይሰቀል?

ለውበት ከሆነ ውስጥ፣ ለሙቀትና ለብርሃን ከሆነ ግድግዳው ላይ። ሮለር ላይ ጨርቁ ከመያዣ እስከ መያዣ ካለው ስፋት 3 ሴንቲ ገደማ ይጠባል፣ ምክንያቱም ጫፍና ጫፉ ላይ ማዞሪያውና የቱቦው መሰኪያ ይቀመጣሉ። ውስጥ ካስገባችሁት በሁለቱም ጎን ቀጭን የብርሃን ሰንጥቅ ይቀራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያቺ ሰንጥቅ ልክ ዓይናችሁ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው ላይ ሲሰቀል በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 10 ሴንቲ፣ ከላይም 10 ሴንቲ ይለፍ።

የኤል ቲ ዜድ (የብረት ፍሬም) መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚከፈት መጋረጃውን አይነካም፤ እጀታው ግን ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ ይቆማል፣ ጨርቁም እሱ ላይ ይያዛል። ተንሸራታች አልሙኒየም ከሆነ ችግሩ ጥልቀት ነው፤ የተጠቀለለው ጨርቅ ከነመያዣው እስከ 7 ሴንቲ ድረስ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። መያዣውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ሳትበሱ፣ መስኮቱን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ፊሸሩ (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ከብሎኬቱ እየተነቀለ ይወጣብኛል። ምን ልሥራ?

ይህ ጥያቄ ነው በብዛት የሚመጣልኝ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆዳው ጥቂት ሴንቲ ብቻ ነው። ትራፓኖውን እየመታ በሚበሳበት፣ መዶሻው ላይ አድርጋችሁ ስትገፉት ቆዳውን ከውስጥ በኩል ይገነጥለዋል፤ ከፊት ቆንጆ ክብ ቀዳዳ ትመለከታላችሁ፣ ከኋላው ግን ገደል ነው። ፊሸሩ የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ብሎኬት ላይ መዶሻውን አጥፉና በማዞር ብቻ፣ ስለት ባለው የኮንክሪት ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ብሱ። ይዘገያል፣ ታገሱት።

ፊሸሩ 8 ቁጥር ከሆነ ፑንታውም 8 ይሁን። «ትንሽ ሰፋ ይበልና በቀላሉ ይግባ» ብሎ በ10 መብሳት፣ ከዚያ ክብሪት እንጨት መሰግሰግ የተለመደ ነው፤ ሮለሩ ሁለት ወር ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ቀን ልጅ ሲጎትተው ከነልስኑ ይወርዳል። ልስኑ ራሱ 2 ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል አጭር ፊሸር ልስን ውስጥ ብቻ ተቀብሮ ይቀራል። ልስን ክብደት አይሸከምም። ፊሸሩ ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ብሎኑም ያንን ያህል ይርዘም። የቀዳዳውን አቧራ በትንፋሽ አውጡት፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ።

ከመስኮቱ በላይ በቀጥታ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አርማታ ነው። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ መዶሻው ይበራል፣ ያለ እሱ ፑንታው ያቃጥላል እንጂ አይገባም። በድንገት ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ ሰምታችሁ ፑንታው ከቆመ ፌሮ አግኝቷችኋል። አትታገሉት፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ፈቀቅ በሉ፣ ሌላኛውንም መያዣ አብራችሁ አስተካክሉ።

የመብራት መስመር እንዳልበሳ ምን ላድርግ?

ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ካለበት ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አትብሱ። ሽቦ በብዛት የሚሄደው በዚያ ነው፤ አንዳንድ ቤት ግን ሠራተኛው በአቋራጭ ስለሚያሳልፈው በዚህ ብቻ አትተማመኑ። የምትበሱበትን ክፍል መስመር ከቆጣሪው አጥፉና ትራፓኖውን በማራዘሚያ ከሌላ ክፍል ሳቡ። 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

ሮለሩ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን እየሸሸ የጨርቁ ጠርዝ ይተለተላል፤ ፋብሪካው ነው ያበላሸው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር መያዣዎቹ እኩል ስላልተሰቀሉ ነው። ሊቬላ (ውኃ ልክ) ካላችሁ ቱቦው ላይ አስቀምጡት። ከሌላችሁ ግን ከኮርኒሱ ለክታችሁ አትተማመኑ፤ ኮርኒሱ ራሱ የተንጋደደ ሊሆን ይችላል። ውኃ የሞላበት ስስ ግልጽ ቱቦ ግንበኞቻችን የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፣ ለመጋረጃም ይሠራል።

መያዣዎቹ እኩል ሆነው አሁንም ከሸሸ ጨርቁን እስከ ታች ፍቱትና ባዶ ቱቦው ላይ በአንድ ጫፍ አንዲት አጭር ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፉ፤ ያ ጎን በጥቂቱ ስለሚወፍር አጠቃለሉ ይለወጣል። ከባሰበት ፕላስተሩን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዛውሩት። ሰፋፊ መስኮት ላይ ደግሞ፣ ከ2 ሜትር ወዲያ፣ ቱቦው መሃሉ ይረግብና ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ለሁለት ከፍሎ መስቀል ይሻላል።

ሮለሩ እንዲገባ የትንኝ መከላከያ ወንፊቱን ላንሳው?

አታንሱት! በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ ሰው ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስ ረሳችሁት? ያንን የምታመጣው ትንኝ ቀን በብርሃን ነው የምትናከሰው። በ2014 ዓ.ም. ወባ ሲነሳም ስቴፈንሲ የተባለች፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ስሟ ተነስቷል። መጋረጃ ትንኝን አያስቆምም፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። ወንፊቱ ለሮለሩ ቦታ ካልተወለት ሮለሩን ግድግዳው ላይ አውጡት።

ሰንሰለቱ ረጅም ነው፤ ትንሹ ልጄ ይጫወትበታል። ይህ ችግር አለው?

አለው፣ ትልቅ። ክብ ሆኖ የሚንጠለጠል ሰንሰለት ወይም ገመድ የሕፃን አንገት ውስጥ ይገባል፤ በየአገሩ በዚህ ምክንያት ልጆች ሞተዋል። ካርቶኑ ውስጥ ከብሎኖቹ ጋር አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ መያዣ ትወጣለች፤ ሰንሰለቱን አስገብታ ግድግዳው ላይ ወጥራ የምትይዝ ናት። ብዙ ሰው ምን እንደምትሠራ ስለማያውቅ ከካርቶኑ ጋር ይጥላታል። እሷን ሳልሰቅል ከቤት አልወጣም። የሚንጠለጠል ገመድ ከሆነ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር፤ ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያ ምቱለትና ጠቅልላችሁ እሰሩት። የልጅ አልጋም ሶፋም ከመስኮቱ ሥር አይቀመጥ፣ ተንጠላጥሎ ይደርስበታል። ፍራሽ መሬት ላይ የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ደግሞ «ዝቅተኛ» የሚባለው ከፍታ ሌላ እንደሆነ አስቡ፤ አዋቂ ሲቀመጥ ትከሻው ጋ የሚደርሰው ገመድ ለሚድህ ሕፃን ቅርብ ነው።

ሮለሩ ቀን ከውጭ ምንም አያሳይም፤ ማታ ግን ጎረቤት እራታችንን ይቆጥራል።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ እንደዚያ ነው። ብርሃኑ ከበረታበት ወገን ያለ ሰው ውስጡን አያይም፤ ማታ አምፖል ሲበራ ብርሃኑ ወደ እናንተ ይዞራል። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን ወደ በሩ አንስታችሁ በጀርባው በኩል እጃችሁን አወዛውዙ፤ ጣታችሁ ከታየ ማታ እናንተም ትታያላችሁ። ለመኝታ ቤት ድፍኑን ያዙ፣ ወይም ከሮለሩ በላይ የተለመደውን የጨርቅ መጋረጃ ደርቡበት።

ቤታችን ከዚራ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ። የተለየ ነገር አለው?

አለው፣ ደግሞም ዕድለኞች ናችሁ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ በኋላ እዚያ ሰፈር የተሠሩት የድሮ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ብዙዎቹም ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው ናቸው። ያ መዝጊያ ከላይ እንዳልኩት ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ያስቆማል። «አሮጌ ነው» ብሎ ነቅሎ በምትኩ ሮለር መስቀል እኔ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ ውድ ነው። ማጠፊያውን ቅባት አጠጡት፣ ቀለም ቀቡት፤ ሮለሩ ከፈለጋችሁ ከውስጥ ይደረባል።

ስትበሱ ድንጋዩን እንጂ መጋጠሚያውን አትብሱ፤ በድሮ ቤት መጋጠሚያው ይፈረፈራል። ሐረር ጁገል ውስጥ ይህ ይብሳል፣ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ብዙ ነው። ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለ ቅርስ ስለሆነ ከውጭ በኩል ምንም ከመምታታችሁ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ። ደግሞም ሐረር ከድሬ በስድስት መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚያ ሰው ከእኔ የሚፈልገው ማታ ብርዱን የሚይዝለት ወፍራም ጨርቅ ነው እንጂ የፀሐይ መከላከያ አይደለም። የድሬውን ልምድ እንዳለ ይዤ ወጥቼ ነጭ ስስ ሮለር የሰቀልኩበት ቤት አለ፤ በኅዳር ደወሉልኝ።

ሳልበሳ በማጣበቂያ ብቻ ብለጥፈውስ? ቤቱ የኪራይ ነው።

ድሬ ላይ አይሆንም። ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በግንቦት አንድ ከሰዓት ሮለሩ ሶፋው ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱን አስፈቅዱና አራት ቀዳዳ ብሱ፣ ወይም መስኮቱ ውስጥ በስፕሪንግ ራሱን ወጥሮ የሚቆም ዘንግ ፈልጋችሁ ቀላል ጨርቅ አንጠልጥሉበት።

አቧራውና ነፋሱስ?

አግድም ቅጠል ያለውን ብላይንድ ለድሬ አልመክርም። እያንዳንዱ ቅጠል የአቧራ መደርደሪያ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ምናምን ቅጠል በጨርቅ የሚያብስ ሰው ከሌለ ቆሽሾ ይቀራል። ሮለር በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፤ ሳይደርቅ ግን አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል። ነፋስ ሲነሳ የሚያጨበጭበውን የታችኛውን ዘንግ በሁለት ትንንሽ ማንጠልጠያ መስኮቱ ጎን ላይ ማሰር ይበቃል።

የድሮውን መጋረጃ ነቅዬ ቀዳዳው ቀረ። በምን ልሙላው?

በጀሶ። መጀመሪያ የላላውን ፊሸር በፒንሳ አውጡት፣ አቧራውን አራግፉ፣ ቀዳዳውን በውኃ ነካ አድርጉት፤ ደረቅ ግድግዳ የጀሶውን ውኃ መጦ ያሰነጥቀዋል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። አዲሱን ቀዳዳ ከድሮው ቢያንስ 5 ሴንቲ አርቁት፣ ጀሶ ፊሸር አይይዝም። ቀለሙ ግን አይገጥምም፤ ነጥብ ነጥብ ብላችሁ ከቀባችሁት ከሩቅ ያስታውቃል። ርካሹ መላ አዲሱን ሮለር ከድሮው 10 ሴንቲ ከፍ አድርጎ መስቀልና ጨርቁ ራሱ ቀዳዳውን እንዲሸፍነው መተው ነው። እኔ ቤት እንዲህ የተሸፈኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለቤቴ እስካሁን አላየቻቸውም።